የፈረስ ኮሶና የሰው ኮሶ መንገዳቸው ለየብቻ ነው

(ለመምህራንና ለቤተሰብ ኀላፊዎች የቀረበ የጤና ትምህርት)

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንድ የጨፋ ሮቢት ጋሪ ነጂ የሰባት ዓመት ወንድ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። በልጁ ሰገራ ላይ ነጫጭ፣ ጠፍጣፋና የሚንቀሳቀሱ ቁራጮች ታይተው ኖሮ አባትየው እጅግ ደንግጦ ነበር። ነገር ግን ያስጨነቀው የልጁ ሕመም ብቻ አልነበረም።

«ሐኪም፣ ይኸ ነገር ከፈረሴ የተጋባበት ነው። ፈረሱ ከሁለት ወር ወዲህ ሆዱን እየቆረጠው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ በፋንድያውም ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ነገር አይቻለሁ። ልጁ ደግሞ ከፈረሱ አይለይም። እንግዲህ ገዢ ስላገኘሁ ነገ በተገኘው ዋጋ ሸጬ ልገላገለው ነው» አለን።

ይህ ሰው ሚስቱንና አራት ልጆቹን የሚያስተዳድረው በዚያው ፈረስ ነው። ፈረሱ ከተሸጠ ጋሪው ይቆማል፤ ጋሪው ከቆመም የቤቱ እንጀራ ይቋረጣል። ስለዚህ «አብሽሩ፤ ፈረስዎን አይሽጡ። የልጁ ትል ከፈረሱ አልመጣም፤ የፈረሱም ትል ወደ ልጁ አይሄድም» አልነው። ለማመን ቢቸገርም እስከ መጨረሻው አዳመጠን። እንዲህ ያለው ስሕተት በሌሎችም ዘንድ ስለሚገኝ፣ በዚያ ቀን ለእርሱ ያስረዳነውን ነገር ለአንባቢዎቻችን በሰፊው ለማቅረብ ወደድን።

፩ኛ፤ ኮሶ ማለት ምን ማለት ነው?

«ኮሶ» የሚለው ስም በቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው በደጋ አገር የሚበቅለውና አበባው መራራ የሆነው ዛፍ ነው። ሁለተኛው አባቶቻችን ያንን አበባ ወቅጠውና በጥብጠው እየጠጡ ያስወጡት የነበረው የአንጀት ትል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ስሙን ለበሽታው አውሶታል ማለት ይቻላል።

የኮሶ ትሎች ብዙ ወገን ናቸው። ሰው የራሱ ኮሶ እንዳለው ሁሉ በግና ፍየል፣ ውሻና ዶሮ፣ ፈረስና አህያም የየራሳቸው አላቸው። በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሰውነታቸው ጠፍጣፋና በአንጓ በአንጓ የተከፋፈለ ነው። አፍም ሆነ አንጀት ስለሌላቸው፣ ያደሩበት ፍጡር የፈጨውን ምግብ በገላቸው ይመጥጣሉ። እነዚህ ትሎች በአብዛኛው ዕድሜያቸውን ለመፈጸም ሁለት ማደሪያ ያስፈልጋቸዋል። አንዱ ትሉ አድጎ እንቁላል የሚጥልበት ዋናው ማደሪያ ሲሆን፣ ሌላው ገና ሳያድግ የሚቆይበት መሸጋገሪያ ነው። እያንዳንዱ ትል የሚሄድበት መንገድ የተወሰነ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን፤ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነውና።

፪ኛ፤ የሰው ኮሶ መንገድ

በአገራችን ሰውን የሚይዘው ኮሶ በሳይንስ ስሙ ቴኒያ ሳጊናታ ይባላል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ አንጓዎቹም ከ1,000 እስከ 2,000 ይሆናሉ። የበሰሉት የመጨረሻ አንጓዎች እየተቆረጡ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ በአንዱ አንጓ ውስጥ ብቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል አለ። በሽተኛው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ እንቁላሉ በሣርና በውሃ ላይ ይበተናል። ከብት ያንን ሣር ሲግጥ እንቁላሉ በአንጀቱ ውስጥ ይፈለፈልና በደም አማካይነት ወደ ሥጋው ይገባል፤ በዚያም የአተር ፍሬ የምታህል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ሲበላ ከረጢቷ በአንጀቱ ውስጥ ትፈታለች፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ትሉ አድጎ ቁራጮቹ መታየት ይጀምራሉ።

እንግዲህ ይህ መንገድ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚመላለስ ነው። ፈረስ በዚህ መንገድ ላይ በአንዱም ማዕዘን አይገኝም። አባትየውን ስንጠይቀው ልጁ ከሦስት ወር ያህል በፊት፣ ለዓረፋ ከታረደው በሬ ጥሬ ሥጋ መቅመሱን ራሱ አስታወሰ።

፫ኛ፤ የፈረስ ኮሶ መንገድ

አገራችን ፈረስን ስታከብር የኖረች አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። ፈረስ የሚበዛው በደጋ ቢሆንም፣ በቆላና በወይና ደጋ ከተሞችም ጋሪ ጎትቶ፣ ጭነት ተሸክሞ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖአል። ይህን ያህል የሚጠቅመን እንስሳ ስለሚያሠቃየው ትል ማወቅ ተገቢ ነው።

ፈረስን የሚይዙት የኮሶ ዓይነቶች ሦስት ሲሆኑ፣ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው አኖፕሎሴፋላ ፐርፎሊያታ የሚባለው ነው። ስሙን ያወጣለት ጎይዘ የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1782 ነው። ይህ ትል እንደ ሰው ኮሶ ረጅም አይደለም፤ ርዝመቱ ከ4 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱም አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በራሱ ላይ እንደ ዋንጫ የጎደጎዱ አራት መጣበቂያዎች አሉት፤ መንጠቆ ግን የለውም። አኖፕሎሴፋላ ማግና የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ የሚኖረውም በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። አህያና በቅሎም በነዚህ ትሎች ይያዛሉ፤ በኢትዮጵያ በሥራ አህዮች ላይ በተደረገ ጥናትም የኮሶ ትል ተገኝቶአል።

የዚህ ትል መሸጋገሪያ ከብት ሳይሆን እጅግ ደቃቅ የሆነ ነፍሳት ነው። በግጦሽ መሬት አፈር ውስጥና በሣር ሥር ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ መዥገር መሰል ነፍሳት ይኖራሉ። በትሉ የተያዘ ፈረስ ፋንድያውን ሲጥል እንቁላሉ ወደ አፈር ይወርዳል፤ ነፍሳቱም ይበሉታል። በነፍሳቱ ሆድ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይቶ ለመጋባት ይደርሳል። ሌላ ፈረስ ሣር ሲግጥ ያንን በዓይን የማይለይ ነፍሳት አብሮ ይውጠዋል፤ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜም ትሉ በፈረሱ አንጀት አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል።

እነዚህ ነፍሳት ርጥበትና የበሰበሰ ሣር የበዛበትን፣ ማረሻ ያልነካውን የግጦሽ መሬት ይወዳሉ። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት ሣርና ውሃ ስለማያጣ፣ ከአካባቢው ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ሌላ ከአፋርም ሳይቀር መንጋ ይወርድበታል። ለከብቱ በረከት የሆነው ይህ ርጥበት ለነፍሳቱም ይስማማቸዋል። ፈረሱ ሜዳ ወጥቶ ባይግጥም እንኳ፣ ታጭዶ በሸክም የሚመጣለት እርጥብ ሣር ነፍሳቱን ይዞለት ሊመጣ ይችላል።

፬ኛ፤ ትሉ በፈረስ አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳቱን ለመረዳት አስቀድሞ የፈረስን ሆድ ዕቃ ማወቅ ያስፈልጋል። በሬ ባለ አራት ክፍል ጨጓራ ሲኖረው፣ የፈረስ ጨጓራ ግን አንድና ትንሽ ነው። ፈረስ ሣሩን በብዛት የሚያብላላው ከቀጭኑ አንጀት ቀጥሎ በሚገኝ ትልቅ ከረጢትና በደንዳኔው ውስጥ ነው። ያ ከረጢት ጫፉ የተዘጋ ስለሆነ ዕውር አንጀት ይባላል፤ በጎልማሳ ፈረስ 30 ሊትር ያህል ይይዛል። ቀጭኑ አንጀት ወደዚህ ከረጢት የሚገባው በአንዲት ጠባብ በር ነው።

የፈረስ ኮሶ ሰፈሩን የሚያደርገው በዚያች በር ዙሪያ ነው። ትሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ፈረሱ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በአሥርና በመቶ ሲቆጠሩ ግን፣ እያንዳንዱ በመጣበቂያው የአንጀቱን ገላ እየመጠጠ ስለሚያቆስለው፣ በሩ ያብጣል፤ ቁስሉም ሲደጋገም ግድግዳው እየወፈረ መተላለፊያው ይጠባል። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓይነት ጉዳት ይከተላል።

ሀ) የቆሰለው አንጀት እየተኮማተረ ድንገተኛ ቁርጠት ያስነሳል።

ለ) የተፈጨው ሣር በጠባቡ በር ማለፍ አቅቶት ከበሩ በስተኋላ ይከማችና ቀጭኑን አንጀት ይደፍነዋል።

ሐ) የተጠማዘዘ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ይሰገሰጋል። ይህ ሲሆን የደም ዝውውር ስለሚቋረጥ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ፈረሱ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው።

ፈረስ ማስመለስ የማይችል እንስሳ ስለሆነ፣ የታገደው ምግብና አየር ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ አያገኝም። የፈረስ ቁርጠት ከሌላው እንስሳ ቁርጠት ይበልጥ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው።

ይህ ትል ለብዙ ዘመን እምብዛም እንደማይጎዳ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ግን ይህን አስተሳሰብ ለውጦታል። በጥናቱ ስሌት መሠረት፣ ድንገተኛ ቁርጠት ከያዛቸው ፈረሶች መካከል ከመቶ 22ቱ፣ ቀጭኑ አንጀታቸው በበሩ አጠገብ ከተደፈነባቸው መካከል ደግሞ ከመቶ 81ዱ ሕመማቸው ከዚህ ትል ጋር የተያያዘ ነበር። ይሁን እንጂ ቁርጠት ሁሉ ከኮሶ ነው ማለታችን አይደለም። የመኖ ድንገተኛ ለውጥ፣ የውሃ ማነስ፣ ከመኖ ጋር የተዋጠ አሸዋ፣ የጥርስ መበላሸትና ሌሎች ትሎችም ቁርጠት ያመጣሉ።

፭ኛ፤ ፈረስ ሲቆርጠው ምን ይደረግ?

ቁርጠት የያዘው ፈረስ መብላት ያቆማል፤ ዘወር እያለ ጎኑን ይመለከታል፤ በፊት እግሩ መሬት ይቆፍራል፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል፤ ያልበዋል፤ ፋንድያውም ይቀንሳል ወይም ፈጽሞ ይቀራል። አንዳንድ ባለ ጋሪዎች ይህን እንደ እልኸኝነት ቆጥረው በአለንጋ ይመቱታል። ይህ ከጭካኔም በላይ ስሕተት ነው።

ወዲያው ከጋሪው ይፈታ። መኖው ይነሣ፤ ንጹሕ ውሃ ግን በአጠገቡ ይቀመጥለት። መሄድ ከቻለ ለጥቂት ጊዜ በዝግታ ማናፈስ ይቻላል፤ እስኪደክም መንዳት ግን አይገባም። ዘይት፣ አረቄ ወይም በጥብጠው ያዘጋጁትን ነገር በግድ በጉሮሮው ማንቆርቆር ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል አይደረግ። ከሁሉ በላይ ጊዜ ሳያባክኑ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው።

፮ኛ፤ ስለ መድኃኒት

ጋሪ ነጂውን «ለፈረሱ ምን ሰጡት?» ብለን ስንጠይቀው «ከገበያ የትል መድኃኒት ገዝቼ ሁለት ጊዜ ሰጥቼው ነበር፤ አልተሻለውም» አለ። የሰጠው ኢቨርሜክቲን ነበር። ኢቨርሜክቲን ከክብ ትሎች ብዙዎቹን የሚገድል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ኮሶን ግን አይገድልም። ስለዚህ ባለቤቱ «መድኃኒት ሰጥቻለሁ» ብሎ ሲታመን፣ ትሉ ሳይነካ በቦታው ይኖራል።

ለፈረስ ኮሶ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴል ነው። ፓይራንቴል የሚባለውም፣ ለክብ ትል ከሚሰጠው መጠን እጥፍ ሲሰጥ ይገድለዋል። መጠኑ በፈረሱ ክብደት ስለሚወሰን በግምት መስጠት አይገባም። የትሉ እንቁላል በፋንድያ ውስጥ ዘወትር ስለማይገኝ፣ በአንድ ጊዜ ምርመራ አልታየም ማለት ፈረሱ ነጻ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት።

ስለ ኮሶ አበባ አንድ ቃል እንጨምር። አባቶቻችን ይህን መድኃኒት ማግኘታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም በ19ኛው መቶ ዓመት ከአገራችን ወስደው ሲጠቀሙበት ነበር። ዳሩ ግን መጠኑ ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይንን ብርሃን እስከ መጉዳትም ይደርሳል። ዛሬ በጤና ጣቢያ ከዚህ የተሻለና ጉዳቱ ያነሰ መድኃኒት ስላለ፣ ለሕፃናት ኮሶ ማጠጣት አይገባም። ለፈረስም ቢሆን መጠኑ የታወቀና የተመረመረ መድኃኒት እያለ ኮሶ በጥብጦ ማጠጣት አይመከርም።

፯ኛ፤ ሁለቱን መንገዶች እንዴት እንቁረጥ?

የፈረሱን ኮሶ መንገድ ለመቁረጥ፤

1. ፈረሱ ከሚውልበት ሜዳና ከታዛው ፋንድያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ መሰብሰብና በጉድጓድ ማከማቸት፤ ሳይብላላ በግጦሽ ላይ አለመበተን።

2. በእንስሳት ሐኪም ምክር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ኮሶን የሚገድል መድኃኒት መስጠት፤ ከተሰጠም በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ወደ ጋራው ግጦሽ አለመልቀቅ።

3. ፈረሶችን በአንድ ጠባብ መስክ አለማጎር።

የሰውን ኮሶ መንገድ ለመቁረጥ፤

1. በሜዳና በወንዝ ዳር አለመጸዳዳት፤ እረኞችም ቢሆኑ ቆፍረው መቅበርን መልመድ።

2. ሥጋን እስከ ውስጡ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ አብስሎ መብላት፤ የትሏ ከረጢት በ60 ዲግሪ ሙቀት ትሞታለችና። በበርበሬና በአዋዜ ግን አትሞትም።

3. የተመረመረ ሥጋ መግዛት። የሥጋ መርማሪ መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን እየቀደደ የሚያየው ይህችን ከረጢት ለመፈለግ ነው። ቢሆንም ጥቂት ከረጢቶች ከዓይን ሊያመልጡ ስለሚችሉ ምርመራው ማብሰልን አይተካም።

4. ቁራጭ የታየበት ሰው ሳያፍር ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፤ እርሱ ሲድን የሰፈሩ ከብትም ይድናልና።

ፈረስ ኮሶውን ለሰው አያጋባም ማለት ግን ፋንድያው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በፋንድያ ውስጥ መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም ይገኛል፤ ፋንድያም ዝንብን ያራባል። ስለዚህ ፈረስ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስል ያለበት እግር ባዶውን ፋንድያ አይርገጥ፤ ልጆችም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታቸውን ይፈጽሙ።

፰ኛ፤ ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ለማስረዳት በሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ መሥራት ይበቃል። በአንደኛው ክብ ላይ ሰው፣ ሰገራ፣ ሣር፣ ከብት፣ ጥሬ ሥጋ ተብሎ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ላይ ፈረስ፣ ፋንድያ፣ አፈር፣ ደቂቅ ነፍሳት፣ ሣር ይጻፍ። ከዚያ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ክብ በየት በየት መቁረጥ እንደሚቻል በጠመኔ ያመልክቱ። በመጨረሻም እነዚህ ጥያቄዎች ይቅረቡላቸው፤

— ሣር በሁለቱም ክብ ላይ አለ፤ በሣሩ ላይ የሚገኘው ነገር በሁለቱ ዘንድ ምን ልዩነት አለው?

— አንድ ሰው ለፈረሱ ኢቨርሜክቲን ብቻ ሰጥቶ ቢቀመጥ ምን ስሕተት ሠርቷል?

— በመንደራችን ያሉ ፈረሶች ሁሉ ቢሸጡ፣ በሰዎች ላይ ያለው ኮሶ ይቀንሳልን? ለምን?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ያወቀ ተማሪ ትምህርቱን ሁሉ አውቆታል።

ጋሪ ነጂው በዚያ ቀን ልጁን አሳክሞ ሲወጣ፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ላክነው። ፈረሱን አልሸጠም። ተገቢውን መድኃኒት ካሰጠው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሪውን ጭኖ ሲያልፍ በመንገድ አገኘነውና ስለ ልጁም ስለ ፈረሱም ጠየቅነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አሁን የቀረኝ ጉድጓዱ ነው» አለ። ለቤቱ መጸዳጃ መቆፈር ጀምሮ ነበር።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ትሉን ያስወጣል እንጂ ዳግመኛ እንዳይመጣ አይከለክልም፤ የቀረው ትግል በጉድጓዱ፣ በምድጃውና በመስኩ ላይ የእኛ የራሳችን ነው።